ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡30

ዛሬም አቧራ። ሻዬ ውስጥ፣ ጥርሴ ሥር፣ አንቺም ገጽ ላይ። የፊቱን የግንብ አጥር ትናንት ጨርሰው አፈረሱት። አሁን ጋሪ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። ፍኖተ ሰላም እንዳለች ቢሮዬ ገባች ማለት ነው።

ደብተሬ፣ ላስታውስሽ። ይህ ቤት እስከ አምና ድረስ ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሥዕል አስተማሪ የነበሩት መ/ር አዳሙ ሲያርፉ ሥዕሎቻቸውን ለከተማው ተናዘዙ። ሙዚየም የሚባለው ያ ነው። እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ ሁለት ጎብኚ የገባበት ቀን እንደ በዓል ይቆጠር ነበር። አሁን ግን አዲስ አዳራሽ፤ ከፊቱ በድንጋይ የሚነጠፍ ሰፊ ግቢ፤ አግዳሚ ወንበር፤ ወይራ፣ ጽድ፣ አበባ። ሰው ሁሉ ሳይከፍል ገብቶ የሚቀመጥበት። የሚያሠራው ኢ/ር ዳዊት ነው፤ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ወጣት፣ ሲናገር የሚቸኩል። ሥዕል እንደ ከብት በበረት አይታጠርም ይላል።

ልክ ነው እላለሁ። ማታ ግን በሩን ሁለት ጊዜ እቆልፋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ። 9፡00 ከሰዓት

ትልቁ መስታወት በገለባ ተጠቅልሎ መጣ። ሲያወርዱት ማንም አልተነፈሰም። የአዳራሹ የፊት ግድግዳ አሁን ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ከመንገድ የቆመ ሰው ውስጡን ያያል።

ከመስታወቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ አንድ ሥዕል ብቻ ይበቃዋል። ኢ/ር ዳዊት መጋዘን ገብቶ ሲያገላብጥ ቆየና አንዱን ይዞ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቆርሷል፤ መ/ር አዳሙ አልሸሸጉትም። ከጀርባው ስም የለም። በታይፕ ካርድ መታሁ፦ ስሙ ያልታወቀ ወጣት። አቧራ እንዳይበላው ክፈፉን ባለመስታወት አደረግንለት።

ዘበኛችን አያ ይርሳው መጥተው አዩት። አማተቡ። ምነው አልኳቸው። ይህ ልጅ የሚያየው እኛን አይደለም አሉና ወጡ። ሳቅሁ። ከዚያ ዞሬ አየሁት። እውነትም እኔን አያይም። ከትከሻዬ በላይ፣ በመስታወቱ አልፎ፣ ውጭ ያለ ነገር ያያል። ውጭ ያለው የአፈር ክምር ብቻ ነው።

ግንቦት 6፣ አርብ

ሰዎች በወዲያኛው ጠርዝ መሄድ ጀምረዋል። በዓይኔ ቆጥሬ ያየሁት ነገር ነው። ከማረሚያ ቤቱ በኩል የሚመጡት እኛ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይሻገራሉ፤ ካለፉን በኋላ ይመለሳሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ባለሱቅ ጠየቅኋት። ልጁ ያየናል አለች። አፍራ አይደለም፤ የዕቃ ዋጋ እንደምትናገር ነው የነገረችኝ።

ለኢ/ር ዳዊት ነገርኩት። ደስ አለው። አዩት ማለት ነው አለ።

ግንቦት 7፣ ቅዳሜ። 8፡00

ሥራዬን ትቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ አያምርም። ይቅር በይኝ።

የገበያ ቀን ነው። ከማንኩሳ የመጡ አንዲት መነኩሴ፣ ቆብ የደፉ፣ በትር የያዙ፣ መንገድ ላይ ቆሙ። ሌላው ሁሉ ሲሻገር እርሳቸው ቆሙ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ በፍርስራሹ ላይ እየተንገዳገዱ መጡ። ወጥቼ ደገፍኳቸው። ሥዕሉ ፊት አደረስኳቸው።

አላለቀሱም። ለመንካት እጃቸውን ዘረጉ፤ ክፈፉ መስታወት መሆኑን ሲያውቁ መለሱት። ከዚያ እንደ ተኮሳተረ ሰው፦

«ሸሚዝህን ማን አጠበልህ?»

እማሆይ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ልጁ ልጃቸው ነው። ሙሉቀን። ጆሮውን ሕፃን ሳለ በቅሎ ነክሳው ነው። እዚህ ከተማ ይማር ነበር፤ ለጋ ሚስትም ነበረችው። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከሰሜን ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ሬሳ የለም፣ ደብዳቤ የለም። ወሬ ብቻ። ተዝካሩን አወጡለት፤ አገሩ በላለት። ሚስቱን ታናሽ ወንድሙ አገባት፤ ልጆች አሏቸው። እማሆይ ከእነሱው ጋር ነው የሚኖሩት። የልጁ ፎቶ አንድም የላቸውም።

ስሙን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። አዲስ ካርድ መታሁ፦ ሙሉቀን፣ ከማንኩሳ። በውትድርና ላይ ያረፈ። አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግንቦት 9፣ ሰኞ

ድንጋይ አንጣፊዎቹ ከቡሬ መጡ። ስድስት ናቸው። አለቃቸው ጨዋታ ወዳድ፣ ጮሌ። አንዱ ግን ቃል አይወጣውም፤ ዝምታው ይሉታል። በፎጣ ጭንቅላቱን እስከ ቅንድቡ ጠምጥሟል፤ ጢሙ ሌላውን ሸፍኖታል። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለም። ሲያነጥፍ ግን ድንጋዩ እዚያው የበቀለ ይመስላል። ኢ/ር ዳዊት በጣም ወዶት ከመስታወቱ ፊት ያለውን ዋናውን ቦታ ሰጠው። ለመሥራት ሲጎነበስ ጀርባውን ለአዳራሹ ይሰጣል።

ግንቦት 10፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡00

ካርዱ የለም። ሚስማሩ አለ፤ ካርዱ የለም። ወለሉን ጠረግኩ፣ ከክፈፉ ጀርባ አየሁ። አያ ይርሳውን ጠየቅሁ። አልነካሁም አሉ። ዓይናቸው ግን አላረፈም።

ሁለተኛ መታሁ። ለጠፍኩ።

ግንቦት 11፣ ረቡዕ። 1፡30 ጠዋት

ትናንት ለአበባ የተገለበጠው አፈር በዝናቡ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ከድንጋዩ ንጣፍ ተነስቶ እስከ ትልቁ መስታወት ድረስ የባዶ እግር ዱካ አለ። የወንድ። ግራ እግሩን ይጎትታል። መስታወቱ ጋ ሲደርስ ሁለቱም እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ጠልቀዋል፤ ብዙ የቆመ ሰው ዱካ ነው።

የመመለሻ ዱካ የለም።

አያ ይርሳው ከኋላዬ መጡ። አዩት። «ገብቷል» አሉ በቀስታ። የት አልኳቸው። በአገጫቸው ሥዕሉን አመለከቱኝ።

ተቆጣሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በሽማግሌ ላይ ጮህኩ። አፈሩን በመኮትኮቻ ደለደልኩት። ስደለድለው የሰው ፊት የማጠፋ መሰለኝ።

ግንቦት 14፣ ቅዳሜ

እማሆይ መጡ። እንቁላል ሸጠው፣ ለሥዕሉ አንድ ሻማ ገዝተው። እዚህ ሻማ አይበራም አልኳቸው፤ ተቀበሉኝ፤ ሻማውን ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ሥዕሉ ፊት ቆሙ። በመጀመሪያ ያወሩት ነበር፦ ላሚቱ ወለደች፣ ጤፉ ተበላሸ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ቃላቸውን ከመሐል ቆርጠው። ፊታቸውን ወደ ክፈፉ አስጠግተው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ። በትራቸው ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ አለ። አመማቸው ብዬ ወንበር አመጣሁ። አልተቀመጡም። ከሰዓታት በኋላ፣ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳይነቅሉ፣ ውጭ የሚሠሩት ሰዎች ከየት ናቸው ብለው ጠየቁ። ከቡሬ አልኳቸው።

«ሩቅ አይደለም» አሉ። «አውቶቡሱ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ይመለሳል።»

ሲወጡ በሩ ጋ ቆመው ግቢውን አላዩም። ሰው እንዴት ግቢ ሳያይ በግቢ ያልፋል? አቀርቅረው፣ ፈጥነው፣ እንደሚሰርቅ ሰው።

ማታ በሩን ስዘጋ ካርዱን ተመለከትኩ። እንደገና የለም።

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ። 4፡00 ጠዋት

ካርድ መምታት ትቻለሁ።

ዛሬ ያየሁትን ለማንም አልናገርም፤ ላንቺ ብቻ። ክፈፉን ልወለውል ሥዕሉ ፊት ቆምኩ። ፀሐይ ከውጭ በትልቁ መስታወት ገብታ ክፈፉ ላይ አርፋለች። በልጁ ፊት ላይ ሌላ ፊት አየሁ። ተደርቦበታል። ዓይን በዓይን፣ አፍንጫ በአፍንጫ ገጥሟል። ያው ልጅ ነው፤ ግን አርጅቷል። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ጢም አለው። ያየኝ ነበር።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ዞርኩ። ውጭ አንጣፊዎቹ አጎንብሰው ይሠራሉ። ማንም ወደ እኔ አላየም። መዶሻ ብቻ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ያያል። ሥዕል አያረጅም። ይህን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ድምፄን መለሰልኝ።

ግንቦት 20፣ አርብ። በዓል

ሥራ የለም። ከተማው ስታዲየም ወጥቷል፤ ድምፅ ማጉያው እስከዚህ ይሰማል። እኔ ብቻዬን የአትክልቱን ችግኞች ልቆጥር መጣሁ። ትልቁ መስታወት ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ የእጅ አሻራ አለ። በአቧራው ላይ። መዳፉ በሙሉ አርፏል። ከሥዕሉ ደረት ትይዩ።

ጣቶቹ ሦስት ናቸው።

ቁጭ አልኩ፤ አዲሱ አግዳሚ ወንበር ላይ። ፍርሃቴ ቀስ ብሎ መልኩን ቀየረ። የፈራሁት ከሙታን የሚመጣ ነበር። ይህ እጅ ግን ሲሚንቶ አለበት።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

እማሆይ መጡ። ቆሙ። እንደ ወትሮው፣ ሥዕሉ ፊት። ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ድንጋዩ መቼ ያልቃል ልጄ?»

በሳምንት ያልቃል፣ ምርቃቱ ሰኔ 3 ነው አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሸሸ። ቀስ እያሉ ቢያነጥፉት ይጠነክራል ብለው ሄዱ።

ግንቦት 25፣ ረቡዕ። 7፡00 ቀን

አሁን ነው የሆነው። ቶሎ ልጻፈው።

ሌሎቹ ምሳ ሄዱ። ዝምታው ቀረ። ከጓሮው ቧንቧ ውኃ ከፈተ። የሚያየው ያለ አልመሰለውም፤ እኔ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ፎጣውን ፈታ። ጭንቅላቱን ቧንቧው ሥር ከተተ። ቀና ሲል የቀኝ ጆሮው ጫፍ የለም።

ውኃው ከጢሙ ይንጠባጠባል። ለሃያ ቀን በየጠዋቱ የምወለውለው ፊት፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አርጅቶ፣ ሲተነፍስ።

ስሙ አምልጦኝ ወጣ። ሙሉቀን። 

አልሸሸም። ውኃውን ዘጋ። ፎጣውን ጨመቀ። ከዚያ በጣም በዝግታ፦

«እሱ ሞቷል እትየ። ተዝካሩም ተበልቷል።»

መጋዘን አስገባሁት። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ፤ ቆሞ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ጣቶቹን ያጣውም፣ እግሩ የተጎዳውም ሰሜን ነው። ተማረከ። ጦሩ በተበተነ ዓመት በእግሩ አገሩ ገባ። ማንኩሳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ዐረፈ። ሴቶች ያወራሉ። የእማሆይ ጥሩወርቅ ልጅ ልጁን ክርስትና አስነሳ ይላሉ። የትኛው ልጅ ብሎ ጠየቀ። ታናሹ፣ የሟች ወንድሙን ሚስት ያገባው አሉት። ተዝካሩ እንዴት እንደ ደመቀም ነገሩት።

«ምን ብዬ ልግባ? ወንድሜን ከሚስቱ ልለይ? ልጁን ያለ አባት ላስቀር? መሬቱም በእሱ ስም ሆኗል። የራሱን ተዝካር የደረሰበት ሰው ገብቶ ምን ይበላል?»

ተመለሰ። ቡሬ ገባ። አሥራ ሦስት ዓመት በርበሬ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸከመ፣ ድንጋይ ጠረበ። ከእናቱ የግማሽ ቀን መንገድ።

እዚህ ሥዕሉ እንዳለ አላወቀም። የመጀመሪያ ቀን ቀና ሲል ራሱን አየ። ሥራውን ጥሎ ሊሄድ አስቦ ነበር። «ያንን ልጅ ትቼው መሄድ አቃተኝ» አለ። ጠዋት ጠዋት ጓደኞቹ ሳይነሱ እየመጣ መስታወቱ ጋ ይቆማል። ሲመጣ ገና ጨለማ ነው፤ ሲመለስ ግን ነግቶ አበባው እንዳይረገጥ በግድግዳው ሥር ባለው የሲሚንቶ ጠርዝ ይሄዳል። ስለ ዱካው ስነግረው አፈረ። ካርዱንስ አልኩት። የመጀመሪያውን እሱ ነው ያነሳው፤ መዶሻ ሊያስቀምጥ ገብቶ ሲያነበው እጁ አላርፍ አለ። ሁለተኛውን አልነካም። ማለልኝ።

ከዚያ ለመነኝ። ሰውነቱ ጠንካራ፣ ድምፁ የሕፃን። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ከኋላው እንደሚቆሙ ያውቃል። ዞሮ ላለማየት ጥርሱን ነክሶ ያነጥፋል። ሥራው እስኪያልቅ ሥዕሉን አውርጂልኝ፤ ሥዕሉ ከሌለ አይመጡም፤ ካልመጡ እችላለሁ አለኝ።

እሺ አልኩ።

ግንቦት 27፣ አርብ። 11፡00

አወረድኩት። ጨርቅ ሸፍኜ መጋዘን አስገባሁት። ኢ/ር ዳዊት ጮኸ፤ ምርቃቱ ሳምንት አልሞላውም፣ መስታወቱ የተሠራው ለእሱ ነው፣ ምን ሆነሻል አለኝ። ክፈፉ ላልቷል ብዬ ዋሸሁ። እሱን መዋሸት ቀላል ነው። ነገ ግን እማሆይ ይመጣሉ። ከማንኩሳ ድረስ በእግራቸው የሚመጡ አሮጊት፣ ባዶ ግድግዳ ሊያዩ።

ልጅን ሁለት ጊዜ ከእናት መውሰድ ኃጢአት አይደለም? እሱን ልጠብቅ ወይስ እርሳቸውን? ደብተሬ፣ ምነው አንቺ እንኳ ብትመልሺ።

ባዶው ግድግዳ ከሥዕሉ የባሰ ያያል። ዛሬ ማንም መንገድ አልተሻገረም፤ እኔ ግን ጀርባዬን ልሰጠው አልቻልኩም።

ግንቦት 28፣ ቅዳሜ። 10፡00 ከሰዓት

በተራ ልጻፈው። ቀስ ብዬ።

እማሆይ በሦስት ሰዓት መጡ። አዳራሹ ገቡ። ባዶውን ግድግዳ አዩ። ያዘጋጀሁትን ውሸት ልጀምር ነበር። እርሳቸው ግን አልደነገጡም። ሚስማሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ነገረሽ?» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው። መልስ አላስፈለጋቸውም።

«ሥዕሉማ ሰበብ ነበር፣ የኔ እናት። እኔ የማየው በክፈፉ መስታወት ከኋላዬ ያለውን ነበር። ሲጎነበስ አባቱን ነው፤ ትከሻው ሲወጣና ሲገባ። እናት በትከሻ አትስትም።»

ሁለተኛውን ካርድ ማን እንዳነሳው ያኔ ገባኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ፤ ከሻማው ጋር ተቋጥሮ። ያረፈ የሚለውን ቃል ፊደል የሚያውቅ የልጅ ልጃቸው አሳይቷቸው በጥፍራቸው ፍቀውታል። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት አይለጠፍም አሉኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። ስሙን ጠርቼው ቢዞርስ? ቤት ይዞራል። የታናሹ ልጆች ምን ይባላሉ? ሚስቲቱ በየት ትገባለች? እሱ አሥራ ሦስት ዓመት የያዘውን እኔ በአንድ ቅዳሜ ልበትነው? በጀርባውም ጠግቤአለሁ አሉ። ድንጋዩ እያለቀ መሆኑን ነገርኳቸው። ነገ ከነገ ወዲያ ቡሬ ይመለሳል አልኳቸው።

በመስታወቱ ወደ ግቢው አዩ። ከዚያ ውጭ ያለው ወንበር ለማንም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ለማንም ነው፤ አይከፈልበትም አልኩ። 

ወጡ። እሱ የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ያስገባ ነበር። ከአጠገቡ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ነኝ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። እሱ ቀና አላለም። መዶሻው ግን ቆመ። ፎጣው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ያወሩትን አያ ይርሳው ናቸው የሰሙት፤ ችግኝ ያጠጡ ነበር። እያለቀሱ መጥተው ነገሩኝ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

እማሆይ፦ «የየት አገር ሰው ነህ ልጄ?»

እሱ፦ «የማንኩሳ ነበርኩ። እናት አለችኝ፤ እማሆይ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ያውቋቸው ይሆን?»

«አውቃቸዋለሁ። ደጃችን አንድ ነው።»

«ደኅና ናቸው?»

«ጉልበት ያማቸዋል። ሌላው ደኅና ነው። ስምህን ከጸሎት አጉድለው አያውቁም።»

«በሙታን ነው በሕያዋን?»

«እስከ ግንቦት በሙታን። አሁን አዛውረውታል።»

ከዚያ እሱ፦ «መጥቼ እንዳልጠይቃቸው ቤት ይፈርሳል።»

«አትምጣ። የቆመ ቤት አይነካም። ሴትዮዋ ግን መነኩሴ ናቸው። መነኩሴ ደብር ቢቀይር ማን ምን ይላል? ቡሬም ቤተ ክርስቲያን አለ።»

ያኔ ነው ቀና ያለው። ይህን እኔም አየሁ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ አየሁ። ያ ፊት፣ እውነተኛው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት የፈለገውን ሲያይ። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ነኩ። የመንገድ ሰው እንዳይጠረጥር እንደ ባራኪ ጭንቅላቱ ላይም አኖሩት። እሱ ጉልበታቸውን ሳመ። ለመነኩሴ ይህን ቢያደርግ ማንም አይደነቅም።

ከዚያ ተነስተው ሄዱ። እሱ መዶሻውን አነሳ።

ሰኔ 1፣ ማክሰኞ

አንጣፊዎቹ ትናንት ሄዱ። ግቢው አልቋል። ባዶ ሲሆን ደረቅ ወንዝ ይመስላል። ሥዕሉን መልሼ ሰቀልኩት፤ ሙሉቀን ሳይሄድ ፈቅዶልኛል። ካርድ አልለጠፍኩም። ኢ/ር ዳዊት ስም የለውም ወይ አለ። አለው አልኩት፤ ስሙን ግን አልነገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት አያ ይርሳው አስጠሩኝ። የአበባው አፈር ላይ ዱካ አለ። ባዶ እግር። ጫማ የማያደርጉ ሕፃናት ናቸው፤ ከመንገድ ገብተው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ አጣብቀው ነበር። አያ ይርሳው ሊያባርሯቸው አልፈለጉም። እንደገና ፈራሁ ግን፤ ለቅጽበት። ፍርሃት እንደ እርጥበት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ይቆያል።

ሰኔ 3፣ ሐሙስ። 12፡00 ማታ

ምርቃቱ አለፈ። ንግግር በዛ። መጋረጃ ተገለጠ። ሕዝቡ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ቆመ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁሉም ገባ። ተማሪዎች ድንጋዩ ላይ ደብተር ዘርግተው አጠኑ። ከሊበን ለስብሰባ የመጡ መምህራን ሥዕሉን ከበው ማን ይሆን ብለው ተከራከሩ። አንዱ ሙታን ናቸው እንዲህ የሚያዩት አለ። አልተከራከርኩም።

እማሆይ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ሕዝብ መሐል አገኘኋቸው። አንድ ጓዝ ይዘዋል፤ ምንጣፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ቅል። ለታናሹ ልጃቸው ቡሬ ደብር ሄጄ ልጹም ብለውታል፤ የሰኔ ጾም ገብቷልና አልገረመውም። ስንቅ ጭኖ ሸኛቸው። ሚስቲቱ ግን አለቀሰች አሉ፤ እግራቸውን ይዛ፣ ከሚገባው በላይ። እማሆይ ያን ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩም። እኔም አልጠየቅሁም። የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ይህን ያህል ዓመት፣ በዚያ ቤት ውስጥ፣ ስንት ሰው ዝም ብሏል?

እስከ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ያድራሉ። አሁን ከመጋረጃው ወዲያ ይጸልያሉ፤ ስም ሲጠሩ ይሰማኛል።

ብቻቸውን አውቶቡስ አልሰድዳቸውም። ቡሬ መነሐሪያ ልጃቸው እንደማይተዋወቅ ሰው ነው የሚቀበላቸው፣ እንግዳ መስሎ ነው ጓዛቸውን የሚሸከመው፤ መሐላቸው አንድ ሰው ያስፈልጋል። ለኃላፊዬ የአንድ ቀን ፈቃድ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ላይ ዘመድ መሸኘት ብያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያቸው እሄዳለሁ።